ሰርቨሩ «ቱ ሜኒ ኦፕን ፋይልስ» ሲል፦ የክፍት ፋይል ገደብን ደረጃ በደረጃ መፈተሽና ማስተካከል

ጅማ ላይ የቡና ርክክብ መዝገብ የያዘ አንድ የሊኑክስ ሰርቨር አለ እንበል። በአጋሮ፣ በሊሙ፣ በጌራና በማና ያሉ ገዢዎች የመዘኑትን ከስልካቸው ይልካሉ፤ ሰርቨሩ ተቀብሎ ዳታቤዝ ውስጥ ያስገባል። ክረምቱን ሙሉ ያለ ችግር ሲሠራ የቆየው ሰርቨር ኅዳር ላይ፣ ቡናው በሚጎርፍበት ሳምንት፣ አንዱን ተቀብሎ ሌላውን መመለስ ይጀምራል። ሬስታርት ሲደረግ ይሠራል፤ ከሰዓት በኋላ ተመልሶ ያው ነው። ሎጉ ሲከፈት «ቱ ሜኒ ኦፕን ፋይልስ» ይላል፤ የተከፈቱት ፋይሎች ከገደቡ አልፈዋል ማለት ነው።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው አንድ ትልቅ ቁጥር ከሆነ ቦታ ቀድቶ ገደቡን ከፍ ያደርጋል። ከዚያ ወይ የጻፈው ቁጥር ፕሮግራሙ ዘንድ ጭራሽ አይደርስም፣ ወይ ይደርስና ችግሩ በሦስተኛው ቀን ይመለሳል። ስለዚህ ቅደም ተከተሉ ይሄ ይሁን፦ መጀመሪያ መቁጠር፣ ቀጥሎ ማን እንደያዘ ማወቅ፣ ገደብ መጨመር ከዚያ በኋላ።

ትእዛዞቹን እዚህ የጻፍናቸው በሚጠሩበት ድምፅ ነው፤ ተርሚናል ላይ የምትጽፏቸው በላቲን ፊደል፣ ካልተባለ በቀር ሁሉንም በትንሹ ፊደል ነው። ሰረዙ፣ እዝባሩና እኩል ምልክቱ እንዳሉ ይጻፋሉ።

ክፍት ፋይል ሲባል

ሊኑክስ ላይ ፋይል ማለት ዲስክ ላይ የተቀመጠ ሰነድ ብቻ አይደለም። ከስልክ የመጣ የኔትወርክ ግንኙነት፣ ማለትም ሶኬት፣ ሁለት ፕሮግራሞች የሚነጋገሩበት ፓይፕ፣ የሎግ ፋይል፣ ከዳታቤዙ ጋር ያለው መስመር፣ ሁሉም እንደ ክፍት ፋይል ይቆጠራሉ። ከርነሉ፣ ማለትም የሊኑክስ እምብርት፣ ለእያንዳንዱ ከ0 ጀምሮ ቁጥር ይሰጣል፤ ቁጥሩ ፋይል ዲስክሪፕተር ይባላል። 0፣ 1 እና 2 ፕሮግራሙ ሲነሳ ለመደበኛ መግቢያ፣ መውጫና የስሕተት መውጫ ይያዛሉ። ገደቡ 1024 ከሆነ የመጨረሻው ቁጥር 1023 ነው።

ረከቦት ላይ ስድስት ሲኒ ካለ ሰባተኛው እንግዳ ይጠብቃል። እንግዳ በዝቶ ከሆነ ሲኒ መጨመር ነው። የጠጣው ሁሉ ሲኒውን ይዞ እየሄደ ከሆነ ግን መርካቶ ያለው ሲኒ ሁሉ ቢገዛም አይበቃም። ከዚህ በታች ያለው ሥራ በሙሉ እነዚህን ሁለቱን ለመለየት ነው።

ደረጃ 1፦ የስሕተቱን ቁጥር ማየት

ሁለት የሚመሳሰሉ ስሕተቶች አሉ። ቁጥር 24፣ ኢኤምፋይል የሚባለው፣ አንድ ፕሮሰስ፣ ማለትም በመሥራት ላይ ያለ ፕሮግራም፣ የራሱን ገደብ ሞላ ማለት ነው። ቁጥር 23፣ ኢኤንፋይል፣ ማሽኑ በሙሉ ሞላ ማለት ነው፤ የዚህኛው መልእክት መጨረሻ ላይ «ኢን ሲስተም» የሚል አለበት። መፍትሔያቸው ስለሚለያይ ቁጥሩን ሳታዩ ምንም አትንኩ። በተግባር የሚያጋጥመው ከሞላ ጎደል ሁልጊዜ 24 ነው። ኢንጂንኤክስ የተባለው የዌብ ሰርቨር ለምሳሌ «አክሰፕት4 ፌይልድ» ብሎ በቅንፍ ውስጥ 24ን ይጽፋል።

ችግሩ፣ ይህ ስሕተት ሁልጊዜ በስሙ አይመጣም። ፕሮግራሙ የአንድን ሰርቨር ስም ወደ አይፒ አድራሻ ለመቀየር «/ኢቲሲ/ሪዞልቭ.ኮንፍ» የሚለውን ፋይል መክፈት አለበት። ዲስክሪፕተር ካለቀበት መክፈት ስለማይችል ሎጉ ላይ «አድራሻው አልታወቀም» የሚል ይወጣል፤ ሰውም ኔትወርኩን ሲፈትሽ ይውላል። የሰርተፍኬት ፋይል ሳይከፈት ሲቀር የኤስኤስኤል ብልሽት ይመስላል። ሎግ ፋይሉን እንደገና መክፈት ካቃተው ደግሞ ጭራሽ ዝም ይላል። ሌላው ምልክት ሲፒዩ ነው፦ አዲስ ግንኙነት በር ላይ ቆሟል፣ ፕሮግራሙ ሊቀበለው ይሞክራል፣ ቁጥር ስለሌለው አይሳካለትም፣ ግንኙነቱ ግን ከሰልፉ ስለማይወጣ ወዲያው እንደገና ይቀሰቀሳል። አንድ ኮር 100 ፐርሰንት ይይዝና ምንም ሥራ አይወጣውም።

ሎግ ስታነቡ ሰዓቱን አስተካክላችሁ ተርጉሙ። ደንበኛው «ጠዋት 3 ሰዓት ላይ ቆመ» ካለ፣ የሰርቨሩ ሰዓት በዩቲሲ ከሆነ 06:00፣ በምሥራቅ አፍሪካ ሰዓት ከሆነ 09:00 አካባቢ ፈልጉ። ቀን ላይ በእኛ አቆጣጠር ከተነገራችሁ ሰዓት ላይ ለዩቲሲ 3፣ ለምሥራቅ አፍሪካ ሰዓት 6 መጨመር ነው። ይህን ባለማድረግ ብቻ «ሎጉ ውስጥ ምንም የለም» ተብሎ ብዙ ቀን ይባክናል።

ደረጃ 2፦ የሚሠራውን ፕሮሰስ መቁጠር

መጀመሪያ የፕሮሰሱን ቁጥር አግኙ፤ «ሲስተምሲቲኤል ስታተስ» ብላችሁ የሰርቪሱን፣ ማለትም ከጀርባ የሚሠራውን ፕሮግራም፣ ስም ስታስከትሉ «ሜይን ፒአይዲ» በሚለው መስመር ላይ ታገኙታላችሁ። 2314 ነው እንበል። ቀጥሎ፦

«ሱዶ ካት /ፕሮክ/2314/ሊሚትስ»

ከሚወጣው ዝርዝር ውስጥ «ማክስ ኦፕን ፋይልስ» የሚለውን መስመር ተመልከቱ። ሁለት ቁጥር አለው። የመጀመሪያው ሶፍት ሊሚት ነው፤ አሁን የሚሠራበት ገደብ እሱ ነው። ሁለተኛው ሃርድ ሊሚት ሲሆን ፕሮግራሙ ራሱ ሶፍቱን እስከዚያ ድረስ ከፍ ማድረግ ይችላል። ብዙ ማሽን ላይ ሶፍቱ 1024 ሆኖ ይገኛል። ሰርቪሶችን የሚያስነሳው ሲስተምዲ በ2018 በወጣው እትም 240 ሃርዱን ወደ 524288 ሲያሳድግ ሶፍቱን 1024 ላይ የተወው በምክንያት ነው፦ «ሲሌክት» የሚባለውን የድሮ ፋንክሽን የሚጠቀሙ ፕሮግራሞች ከ1023 በላይ የሆነ ዲስክሪፕተር ሲደርሳቸው ይበላሻሉ። ጃቫ፣ እንዲሁም ከ1.19 ጀምሮ ያለው የጎ ቋንቋ፣ ሶፍቱን በራሳቸው እስከ ሃርዱ ይስባሉ። ብዙዎቹ ሌሎች ግን አይስቡም።

አሁን ስንት እንደተያዘ፦

«ሱዶ ኤልኤስ /ፕሮክ/2314/ኤፍዲ | ደብሊውሲ -ኤል»

1021 ካለ አገኛችሁት። 80 ካለ ደግሞ ወይ ሬስታርት ከተደረገ ብዙም አልቆየም፣ ወይ የቆጠራችሁት የተሳሳተ ፕሮሰስ ነው። ገደቡ የሚቆጠረው በየፕሮሰሱ ነው፤ በተጠቃሚ ስም ቢጻፍም የዚያ ተጠቃሚ እያንዳንዱ ፕሮሰስ ለየብቻው ነው የሚቆጠረው። ኢንጂንኤክስ ላይ ሜይን ፒአይዲው የሚሰጣችሁ ማስተሩን ነው፤ ደንበኛ የሚያስተናግዱት ግን ወርከሮቹ ስለሆኑ እያንዳንዳቸውን ቁጠሩ።

ሁለት የተለመዱ ስሕተቶች እዚህ አሉ። አንደኛው ተርሚናል ላይ «ዩሊሚት -ኤን» ብሎ የወጣውን ቁጥር የሰርቪሱ ገደብ አድርጎ መውሰድ ነው፤ እሱ የሚነግራችሁ እናንተ የተቀመጣችሁበትን ሼል ገደብ ብቻ ነው። ሁለተኛው «ኤልሶፍ» ያወጣቸውን መስመሮች መቁጠር ነው። ኤልሶፍ ሜሞሪ ላይ የተጫኑ ላይብረሪዎችን፣ ፕሮግራሙ ያለበትን ፎልደርና የመሳሰለውን ሁሉ ስለሚዘረዝር ቁጥሩ ከእውነተኛው ይበልጣል። ለማየት ጥሩ ነው፤ ለመቁጠር «/ፕሮክ» ይሻላል።

ስሕተቱ 23 ከነበረ «ካት /ፕሮክ/ሲስ/ኤፍኤስ/ፋይል-ኤንአር» በሉ። ሦስት ቁጥር ይወጣል፦ የተያዘ፣ ዛሬ ሁልጊዜ 0 የሆነው መካከለኛ፣ እና ጣሪያው። ከሲስተምዲ 240 ወዲህ ጣሪያው ሊደረስበት የማይችል ትልቅ ቁጥር ስለሆነ አዳዲስ ማሽኖች ላይ ይህ ችግር እምብዛም አይታይም። በአሮጌ ማሽን ላይ ከሆነ «ኤፍኤስ.ፋይል-ማክስ» የሚለውን የከርነሉን ሴቲንግ በሚቀይረው ትእዛዝ፣ በ«ሲስሲቲኤል»፣ ከፍ አድርጉ።

ደረጃ 3፦ ማን እንደያዘው ማወቅ

ዋናው ሥራ ይሄ ነው። የቀደመውን ትእዛዝ ያለ ቆጠራው፣ ከ«-ኤል» ጋር ስጡ፦

«ሱዶ ኤልኤስ -ኤል /ፕሮክ/2314/ኤፍዲ»

እያንዳንዱ ቁጥር በቀስት ወደ አንድ ነገር ያመለክታል። 0 ወደ «/ዴቭ/ነል»፣ 4 ወደ «አኖን_አይኖድ፦ኢቨንትፖል»፣ 5 ወደ ሎግ ፋይሉ፤ ከዚያ በኋላ ከ9 ጀምሮ እስከ ታች ድረስ «ሶኬት፣ ሶኬት፣ ሶኬት» ብቻ ከሆነ ጉዳዩ የኔትወርክ ነው። አንድ ዓይነት ፋይል፣ ለምሳሌ አንድ ፎቶ ወይም አንድ የሴቲንግ ፋይል፣ 600 ጊዜ ተደጋግሞ ከታየ ደግሞ ኮዱ ውስጥ የሚከፍት እንጂ የሚዘጋ መስመር የለም፤ የፋይሉ ስም ራሱ ቦታውን ይነግራችኋል። ስሙ አጠገብ «ዲሊትድ» የሚል ከተጻፈ ፋይሉ ተሰርዟል፣ ፕሮግራሙ ግን አልለቀቀውም። ይህ በአብዛኛው ሎግ ሲዞር፣ ማለትም አሮጌው ተነስቶ አዲስ ሲጀመር፣ ለፕሮግራሙ ሳይነገረው ሲቀር የሚመጣ ነው፤ የዲስኩ ቦታም አይለቀቅም። የተሰረዙትን ብቻ ለማየት «ኤልሶፍ +ኤል1» በሉ፤ እዚህ ላይ ኤሉ ትልቁ ኤል ነው። መፍትሔው በሎግሮቴት ሴቲንግ ውስጥ ሎጉ ከዞረ በኋላ ፕሮግራሙ ፋይሉን እንደገና እንዲከፍት የሚነግር ትእዛዝ ማስገባት ነው።

ሶኬት ከሆነ የኔትወርክ ግንኙነቶችን ወደሚዘረዝረው «ኤስኤስ» ሂዱ፦

«ሱዶ ኤስኤስ -ታንፕ | ግሬፕ 2314»

መጀመሪያው ዓምድ የግንኙነቱን ሁኔታ ይናገራል፤ ምርመራው የሚያልቀውም እሱ ላይ ነው።

«ክሎዝ-ዌይት» በብዛት ካለ፣ ወዲያ ማዶ ያለው ግንኙነቱን ዘግቶ ሄዷል፣ የእናንተ ፕሮግራም ግን አልዘጋም። ሲኒውን ይዞ የሄደው ይህ ነው። ከርነሉ ለዚህ የጊዜ ገደብ የለውም፤ ፕሮግራሙ እስኪዘጋው ወይም እስኪሞት ድረስ ይቆያል። ምንም ያህል ገደብ ብትጨምሩ ቀኑን ታራዝማላችሁ እንጂ አይፈታም። ወደ ኮዱ ሂዱ፦ ስሕተት ሲፈጠር ሳይዘጋ የሚወጣበት መንገድ፣ መልሱ ተነብቦ ሳያልቅ የሚጣል ጥያቄ፣ ለእያንዳንዱ ጥያቄ አዲስ የዳታቤዝ ግንኙነት የሚከፍት መስመር ፈልጉ።

«ኢስታብ» በብዛት ካለ፣ በእኛ አካባቢ አስቀድሞ መጠርጠር ያለበት መብራትና ኔትወርክ ነው። ጌራ ላይ ኔትወርክ ሲጠፋ ወይም የስልኩ ባትሪ ሲያልቅ ስልኩ «ሄድኩ» ብሎ አይሰናበትም። ሰርቨሩ ጋ ግንኙነቱ በሕይወት ያለ ይመስላል። ስልኩ ተመልሶ ሲነሳ አዲስ ግንኙነት ይከፍታል፤ አሮጌው ባለበት ይቀራል። መብራት በቀን አራት ጊዜ ቢቆራረጥ አንድ ስልክ አምስት ቦታ ሊይዝ ይችላል። ዝም ያለ ግንኙነት በሕይወት መኖሩን የሚጠይቀው የሊኑክስ ኪፕአላይቭ መፈተሽ የሚጀምረው ከ7200 ሴኮንድ፣ ማለትም ከ2 ሰዓት ዝምታ በኋላ ነው፤ ከዚያም በየ75 ሴኮንዱ 9 ጊዜ ይሞክራል። ያውም ፕሮግራሙ ኪፕአላይቭን ሶኬቱ ላይ ካበራ ነው፤ ካላበራ ጭራሽ አይፈትሽም። ስለዚህ መጀመሪያ ኮዱ ውስጥ «ኤስኦ_ኪፕአላይቭ»ን (ሁሉም በትልቁ ፊደል) አብሩ፣ ቀጥሎ በሲስሲቲኤል እነዚህን አሳጥሩ፦

«ኔት.አይፒቪ4.ቲሲፒ_ኪፕአላይቭ_ታይም=600»
«ኔት.አይፒቪ4.ቲሲፒ_ኪፕአላይቭ_ኢንቲቪኤል=30»
«ኔት.አይፒቪ4.ቲሲፒ_ኪፕአላይቭ_ፕሮብስ=5»

ያኔ የሞተ ግንኙነት በ750 ሴኮንድ፣ በ12 ደቂቃ ተኩል ገደማ ውስጥ ይለቀቃል። ከዚያ በተሻለ ደግሞ ፕሮግራሙ ራሱ ለ5 ደቂቃ ምንም ያልላከን ደንበኛ ቢዘጋ ጥሩ ነው፤ ይህን ከርነሉ ላይ ብቻ አትጣሉት።

«ታይም-ዌይት» በሺህ ቢታይ አትደንግጡ። እነዚህ ከፕሮግራሙ እጅ የወጡ ስለሆኑ አንድም ዲስክሪፕተር አይዙም። ብዙ ሰው ግን ሲያያቸው ጥፋተኛውን ያገኘ ይመስለዋል።

ጭነት ይሁን ሊክ፣ ማለትም ተከፍቶ ሳይዘጋ የሚቀር፣ ገና ካልለየ በየደቂቃው ቁጥሩን ከነሰዓቱ ወደ አንድ ፋይል የሚጽፍ አጭር ስክሪፕት አንድ ቀን አስኪዱ። ቀን ወጥቶ ማታ የሚወርድ ከሆነ እውነተኛ ሥራ ነው፤ ገደብ ጨምሩ። ሰው ሁሉ በተኛበት ሌሊት 8 ሰዓት ላይም ሳይወርድ እንደ ደረጃ ወደ ላይ ብቻ የሚሄድ ከሆነ ሊክ ነው።

ደረጃ 4፦ ለጊዜው ማስታገስ

ገዢዎቹ ሚዛን ላይ ቆመው እየጠበቁ ከሆነ ሰርቪሱን ሳታጠፉ ገደቡን መጨመር ይቻላል፦

«ሱዶ ፒአርሊሚት --ፒድ 2314 --ኖፋይል=8192:16384»

ከሁለት ነጥቡ በፊት ያለው ሶፍት፣ በኋላ ያለው ሃርድ ነው። ወዲያው ይሠራል። ሁለት ነገር ግን እወቁ። ልጅ ፕሮሰስ ገደቡን ከወላጁ የሚወርሰው ሲወለድ ነው፤ ስለዚህ የኢንጂንኤክስን ማስተር ብትቀይሩ እየሠሩ ያሉት ወርከሮች አይቀየሩም፣ ለእያንዳንዳቸው ትእዛዙን ስጡ። ሁለተኛ፣ ይህ ለውጥ ሰርቪሱ ሬስታርት ሲደረግ ይጠፋል፤ መብራት ሄዶ ሰርቨሩ ቢነሳ ወደ 1024 ተመልሳችኋል። ከመጀመሪያው ለውጥ በፊት የደረጃ 3ን ውጤት ፋይል ላይ አስቀምጡ፤ ሬስታርት ካደረጋችሁ ማስረጃው አብሮ ይጠፋል።

ደረጃ 5፦ በቋሚነት መጨመር

ሰርቪሱ በሲስተምዲ የሚነሳ ከሆነ፣ እንደ ዛሬው ብዙው ሁሉ፣ ቦታው «/ኢቲሲ/ሴኪዩሪቲ/ሊሚትስ.ኮንፍ» አይደለም። ያ ፋይል የሚነበበው ፓም በተባለው የመግቢያ መቆጣጠሪያ በኩል፣ ሰው ሎግ ኢን ሲያደርግ ነው፤ ሲስተምዲ የሚያስነሳቸው ሰርቪሶች በዚያ አያልፉም። «ቁጥሩን ጨምሬያለሁ፣ አልሠራም» የሚለው ቅሬታ ከየትም በላይ የሚመነጨው ከዚህ ነው። ትክክለኛው መንገድ «ሱዶ ሲስተምሲቲኤል ኤዲት» ብሎ የሰርቪሱን ስም ማስከተል ነው። በሚከፈተው ገጽ ላይ በካሬ ቅንፍ «ሰርቪስ» ብላችሁ፣ ከሥሩ «ሊሚትኖፋይል=16384» ጻፉ። ኤልና «ኖፋይል» የሚለው በሙሉ በትልቁ ፊደል ነው፤ ሰርቪስም በትልቁ ኤስ ይጀምራል። ፋይሉን በእጃችሁ ከቀየራችሁ «ሲስተምሲቲኤል ዴሞን-ሪሎድ» ያስፈልጋል። ከዚያ ሬስታርት አድርጉና ወደ ደረጃ 2 ተመልሳችሁ «/ፕሮክ» ውስጥ አዲሱ ቁጥር መድረሱን አረጋግጡ። ሴቲንግ ፋይሉ ውስጥ መጻፉ ብቻ ማረጋገጫ አይሆንም።

ከተርሚናል በእጅ ለሚነሳ ፕሮግራም ሊሚትስ.ኮንፍ ይሠራል። ተጠቃሚው «ቡና» ከተባለ መስመሩ «ቡና - ኖፋይል 16384» ነው፤ ሰረዟ ሶፍትንም ሃርድንም ትይዛለች። ኮከብ ምልክት ብትጠቀሙ ሩትን አይጨምርም። ለውጡ የሚታየው ወጥታችሁ ስትገቡ ነው። እዚህ ላይ አንድ ከባድ አደጋ አለ፦ «ኤፍኤስ.ኤንአር_ኦፕን» ከሚለው ጣሪያ፣ በብዙ ማሽን 1048576፣ በላይ የሆነ ቁጥር ከተጻፈ ከርነሉ እምቢ ይላል፤ ሎግ ኢኑም አብሮ ሊከሸፍና ከራሳችሁ ሰርቨር ውጭ ልትቀሩ ትችላላችሁ። ይህን ፋይል ስትቀይሩ የገባችሁበትን ተርሚናል ሳትዘጉ በሌላ መስኮት ገብታችሁ ሞክሩ።

ቁጥሩን በስሌት ምረጡ። ኢንጂንኤክስ ወደ ኋላ ላለ ፕሮግራም የሚያስተላልፍ ከሆነ አንድ ደንበኛ ሁለት ዲስክሪፕተር ይይዛል፦ አንድ ወደ ስልኩ፣ አንድ ወደ ፕሮግራሙ። «ወርከር_ኮኔክሽንስ» ሁለቱንም ወገን ስለሚቆጥር፣ 4096 ከሆነ በአንድ ወርከር የሚስተናገደው እስከ 2048 ደንበኛ ነው፤ የሚያዘው 4096 ግንኙነት፣ በዚያ ላይ ሎግና ፋይሎች፤ ስለዚህ «ወርከር_አርሊሚት_ኖፋይል»ን 16384 ማድረግ ይበቃል። ማሪያዲቢ የተባለው ዳታቤዝ ላይ በራሱ ሴቲንግ «ኦፕን_ፋይልስ_ሊሚት»ን ብትጨምሩም ሲስተምዲ ከሰጠው ሃርድ ሊሚት ማለፍ አይችልም፤ ሲነሳ ሎጉ ላይ ማስጠንቀቂያ ጽፎ ባነሰው ይቀጥላል። ዶከር ውስጥ ላለ ፕሮግራም «--ዩሊሚት ኖፋይል=16384:16384» ብላችሁ ኮንቴይነሩን አስነሱ።

«ኢንፊኒቲ» ብሎ ማለፍ ያጓጓል፤ አታድርጉት። ሲነሱ ከ3 እስከ ገደቡ ያለውን ዲስክሪፕተር ሁሉ አንድ በአንድ የሚዘጉ የቆዩ ፕሮግራሞች አሉ። ገደቡ ከ1 ቢሊዮን በላይ ሲሆን ያ ዙር ደቂቃዎችን ይፈጃል፤ ሲፒዩ ይነዳል፣ ፕሮግራሙም የተሰቀለ ይመስላል። በዚያ ላይ ሊክ ያለበት ፕሮግራም ገደብ ከሌለው ሜሞሪውን እስኪጨርስ ይሄዳል፤ ያኔ የሚወድቀው አንድ ሰርቪስ ሳይሆን ማሽኑ ነው።

ቁጥሩ ትንሽ ሆኖ ስሕተቱ 24 ሲሆን

የተያዘው 80፣ ገደቡ 16384፣ ሎጉ ግን አሁንም 24 የሚል ከሆነ ኢኖቲፋይን ጠርጥሩ። ፎልደር ላይ ለውጥ ሲመጣ የሚከታተሉ ፕሮግራሞች የሚጠቀሙበት ነው። ለአንድ ተጠቃሚ የሚፈቀደው በብዙ ማሽን 128 ብቻ ሲሆን ሲያልቅ የሚመጣው መልእክት ያው «ቱ ሜኒ ኦፕን ፋይልስ» ነው። «ቴይል -ኤፍ» ያንኑ ማስጠንቀቂያ ካወጣ በጣም ግልጽ ምልክት ነው። በሲስሲቲኤል «ኤፍኤስ.ኢኖቲፋይ.ማክስ_ዩዘር_ኢንስታንስስ»ን ወደ 512 ከፍ አድርጉ። ጎረቤቱ «ማክስ_ዩዘር_ዋችስ» ሲያልቅ ደግሞ ዲስኩ ባዶ ሆኖ ሳለ «ዲስክ ላይ ቦታ የለም» ይላል።

ከወቅቱ በፊት መሞከር

ይህ ሁሉ ኅዳር ላይ በጥድፊያ ከሚሠራ መስከረም ላይ ቢሞከር ይሻላል። በመሞከሪያ ማሽን ላይ «ዩሊሚት -ኤን 64» ብላችሁ ከዚያው ሼል ፕሮግራሙን አስነሱና 100 ግንኙነት ላኩበት። ጥሩ ፕሮግራም ትርፉን መልሶ፣ ሎግ ጽፎ፣ ቦታ ሲለቀቅ ሥራውን ይቀጥላል። ተንጠልጥሎ ከቀረ ወይም ግንኙነቶቹ ከተዘጉ በኋላ ቁጥሩ ካልወረደ፣ ገዢዎቹ ሚዛን ላይ ከመቆማቸው በፊት የሚጠገን ኮድ አላችሁ። በሥራ ላይ ባለው ሰርቨር ደግሞ በየ5 ደቂቃው ቆጥሮ ከሶፍት ሊሚቱ 80 ፐርሰንት ሲያልፍ መልእክት የሚልክ ስክሪፕት ትእዛዝን በየጊዜው በሚያስኬደው ክሮን ላይ አስቀምጡ፤ ለ16384 ይህ 13107 ነው። ስክሪፕቱ ከቁጥሩ ጋር የ«ኤስኤስ»ን ውጤትም ፋይል ላይ ይጻፍ፤ መልእክቱ ሌሊት ደርሶ ጠዋት ብታዩትም ማን ይዞት እንደነበር ተጽፎ ይጠብቃችኋል።